የመሄጃ ትኬት ብቻ

ሎስ አንጀለስ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለጋሼ ብርሃነመስቀል፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ የአምላክ ቸርነት የእናቱ ምልጃ ሳይለየኝ ደህና ነኝ። ዝምድናችን በእናትዎና በአያቴ በኩል ሦስት ቤት ቢያልፍም ወደዚህ አገር ስመጣ የመረቁኝ እርስዎ ነዎት። እስከ ዛሬ የምኖረው በዚያ ምርቃት ይመስለኛል።

በስልክ ያልደወልኩት ጠልቼ አይደለም። ጆሮዎ አልሰማ ስላለ ስልኩን የምትይዘው ልጅዎ ዓይናለም ናት፤ ዓይናለም ዛሬ የሰማችውን ደግሞ የእህትዎ ልጅ የምሥራች በማግስቱ ትሰማለች። ስለዚህ ፌርፋክስ ካለው የሐበሻ ሱቅ መንገደኛ አፈላልጌ፣ ፖስታውን ሦስት ዙር በፕላስተር አሽጌ ላክሁልዎ።

ነገሩ ይኸውልዎ። ያሳደጓት የምሥራችና ባሏ አሥራት ልጃቸውን ኤልሻዳይን ትምህርት ሲዘጋ እርስዎ ዘንድ ሊያመጧት ነው። "አገሯን ትይ" ነው የሚሉት። እኔ ከአሥራት አፍ አምልጦት እንደሰማሁት ግን ለእናቲቱ የሚቆረጠው ደርሶ መልስ ሲሆን፣ ለልጅቷ የሚቆረጠው መሄጃ ብቻ ነው። ኤልሻዳይ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሦስት ሳምንት ቆይታ የምትመለስ መስሏት ጓደኞቿን ምን ይዤላችሁ ልምጣ እያለች ትጠይቃለች።

ጋሼ፣ "አልቀበልም" ይበሉልኝ። እርስዎ እንቢ ካሉ የምሥራች ሌላ የምትሰማው ሰው የላትም። ምክንያቱን ግን አይጠይቁኝ። ልጅቷ ላይ የደረሰ ነገር አለ፣ በወረቀት የሚሰፍር አይደለም። ብቻ እዚያ ከመጣች ትጎዳለች። የክርስትና ልጄ ናት። በሰማንያ ቀኗ አቅፌ ቆሜ፣ ቄሱ ሲጠይቁ በእሷ ፈንታ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ጉልበትዎን ስሜ እሰናበታለሁ።

ልጅዎ ሰርክ


አዲስ አበባ፣ ቀጨኔ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰርክ፣

ሰላምታዬ ከተቀመጥኩበት ወንበር ተነስቶ ውቅያኖሱን ተሻግሮ ይድረስሽ። እኔ ከጆሮዬና ከጉልበቴ በቀር ሙሉ ሰው ነኝ። ደብዳቤሽን ያመጣው ሰውዬ እንደ ጥይት ሣጥን በሁለት እጁ ይዞ ነው ያስረከበኝ። ፕላስተሩን ለመፍታት ቢላ አስፈልጎኛል።

ሠላሳ አራት ዓመት ትምህርት ቤት ውስጥ የኖርኩ፣ ከዚያም ውስጥ አሥራ ዘጠኙን ዩኒት ሊደር ሆኜ ፊሽካ የነፋሁ ሰው ነኝ። "በወረቀት የማይሰፍር ነገር" ስትዪኝ ሁለት ጊዜ ማንበብ አላስፈለገኝም። ስንት ወሯ ነው?

አትደንግጪ። በእኔ ዘመን ይህን ያህል ያስጮኸን ነበር፣ አሁን ሳስበው ለምን እንደጮህን ይጠፋኛል። ልጅ ነውር ሆኖ አያውቅም። እዚህ ትውለድ፣ እኛ እናሳድጋለን፣ እሷም ትምህርቷን ትቀጥላለች። የጓሮውን ክፍል አስጠርጌ ኖራ አስቀብቻለሁ። ለየምሥራችም በዓይናለም ስልክ "ሁሉን አውቄያለሁ፣ አምጫት፣ ቤቴ ቤቷ ነው" ብዬ አስጽፌላታለሁ። ዓይናለም እንደነገረችኝ የምሥራች ደውላ አለቀሰች። "ጋሼ ይህን ሰምተው ይቀበሉናል ብዬ አላሰብኩም ነበር" አለች አሉ። እንግዲህ ሰው ምን ያህል አክራሪ አድርጎ ይቆጥረኛል?

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የጆሮዬ መስሚያ ባትሪ፣ ያቺ የአተር ፍሬ የምታህለው፣ እዚህ ጠፍታለች። መንገደኛ ስታገኚ ላኪልኝ። ቢያንስ ሕፃኑ ሲያለቅስ ልስማ።

አባትሽ ብርሃነመስቀል


ሎስ አንጀለስ፣ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ብርሃነመስቀል፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ደብዳቤዎ ሐሙስ ደረሰኝ፤ ከዚያ ወዲህ መቀመጫ የለኝም። ቁጭ ስል እነሳለሁ፣ ስነሳ ደግሞ ለምን እንደተነሳሁ ይጠፋኛል። ዓርብ ዕለት ሩዙን ሁለት ጊዜ ጨው ጨምሬበት አለቃዬ ወደ ቤትሽ ሂጂ አለችኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገሩን ሸፋፍኜ ጻፍኩ፣ እርስዎ ደግሞ የሸፈንኩትን በደግ ልብዎ ሞሉት። ኤልሻዳይ አላረገዘችም።

አሁን በግልጽ እጽፋለሁ። ሌሎች ልጃገረዶች ወንድ እንደሚወዱ እሷ የምትወደው ሴት ነው። ማንም አላስተማራትም፣ ማንም አላሳታትም። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ታውቀው ነበር፣ አራት ዓመት ብቻዋን ይዛው ኖረች።

እኔ የምሠራው እሷ በምትማርበት ትምህርት ቤት፣ እዚሁ ዌስት አዳምስ፣ ምሳ ማደያው ላይ ነው። የነገረችኝም ትሪዋን ይዛ ተራዋ ሲደርስ ነው። "እትዬ ሰርክ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን ፍሪክ አውት እንዳታደርጊ፣ ኦኬ?" አለችኝ፤ አትደንግጪ ማለቷ ነው። ከኋላዋ ሠላሳ ልጅ ተሰልፏል። ለምን እዚያ መረጠች ብዬ ብዙ አሰብኩ፣ ኋላ ነው የገባኝ። ሰልፍ እያለ መጮህም ማልቀስም አልችልማ።

ይህች ልጅ ጋሼ፣ ሁዳዴን አንድ ቀን አልገደፈችም። አይብ የሌለበትን የባቄላ ጥቅልል ለብቻ እለይላታለሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት ትዘምር ነበር፣ እናቷ እስክታስቀራት ድረስ።

አሁን ያ "ሁሉን አውቄያለሁ፣ አምጫት" ያሉት ቃል ለየምሥራች ክንፍ አወጣላት። ያወቁት ይህን መስሏታል። "ጋሼ ያስተካክሏታል" እያለች ነው። የአገሩን ሕግ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፣ ሰፈሩንም ያውቁታል። ነገሩ ከአንድ ጆሮ ቢያልፍ ማን ያድናታል? በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ቃልዎን ይመልሱልኝ።

ልጅዎ ሰርክ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰርክ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ።

ደብዳቤሽን አንብቤ አቃጥዬዋለሁ። በሰባ ስድስት ዓመቴ እንዲህ ያለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ይቀመጣል ብዬ አላሰብኩም። አንቺም ሳታፍሪ ጻፍሽው።

ቃሌን አልመልስም፣ ልጅቷ ትምጣ። ሕጉን ልታስታውሺኝ አትድከሚ፣ ከቤቴ ማን አውጥቶ ይነግራል? ዝም አይነቅዝም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊሽካ ስነፋ ስንቱን ልጅ አስተካክያለሁ፣ ይህችንም አያቅተኝም። አንቺ ምሳሽን አድዪ።

ባትሪውን ተዪው። የሰማሁት ይበቃኛል።

ብርሃነመስቀል


ሎስ አንጀለስ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ብርሃነመስቀል፣

ሰላምና ጤና ይስጥልኝ። ባትሪውን ልኬያለሁ። ስምንት ፍሬ ናት፣ ከዚህ ፖስታ ጋር በጥጥ ተጠቅልላለች። ቢቆጡም ይስሙኝ።

ዛሬ እዚህ አገር የእናቶች ቀን ነው። ኤልሻዳይ ለእናቷ አበባ ገዝታ ሰጠቻት። የምሥራች ተቀብላ፣ ውኃ ሳታደርግበት ማድ ቤት አስቀመጠችው። ኤልሻዳይ ለእኔም ካርድ አመጣችልኝ። ካርዱን ሳልከፍተው ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ ምክንያቱን ለእርስዎ ልንገርዎ፣ ለቄስም አልተናገርኩትም።

ለእናቷ የነገርኳት እኔ ነኝ።

ልጅቷ "ለማሚ እንዳትነግሪያት" ብላ ለምናኝ ነበር። እሺ አልኳት። በሦስተኛው ቀን፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ሄጄ ነገርኳት። የክርስትና እናት ነኝ፣ በኋላ ሳታውቂ ቀረሽ እንዳልባል ብዬ። ልጄን ያዳንኩ መስሎኝ። የምሥራች ያን ቀን የልጅቷን ስልክ ወሰደች፣ የመኝታ ክፍሏንም በር አስነቅላ መኪና ማቆሚያው ጋራዥ አስገባችው። ኤልሻዳይ እስከ ዛሬ በር በሌለው ክፍል ነው የምትለብሰው። ማን እንደነገረ አታውቅም ብዬ ራሴን እያታለልኩ ቆየሁ። አንድ ቀን "ካንቺ ሌላ ለማንም አልነገርኩም እኮ" አለችኝ። ሳትቆጣ ነው ያለችኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ትሪዋን ስትቀበል ቀና ብላ አታየኝም። ሐሙስ ሐሙስ እሷና እሷን የመሰሉ ልጆች በምሳ ሰዓት አንድ የሒሳብ መምህር ክፍል ይሰበሰባሉ። ሰውዬው ጡረታው የደረሰ ነው፣ እርስዎን የሚያህል፣ ልጆቹ እስኪወጡ በሩ ላይ ወንበር አድርጎ ይቀመጣል። በዚያ ቀን ምሳ ቤት ሲመጡ ሌሎች ተማሪዎች ስለሚሰድቧቸው ሳይበሉ ነበር የሚውሉት። አለቃዬን ለምኜ ጋሪ አወጣሁ፤ አሥራ አንድ ትሪ ጭኜ እወስድላቸዋለሁ። እንግሊዝኛዬ ለምክር አይበቃም። እስኪበሉ ቆሜ እጠብቅና ትሪውን ሰብስቤ እመለሳለሁ። በአምስተኛው ሐሙስ ኤልሻዳይ ወንበር ሳበችልኝ።

ትኬቷ መሄጃ ብቻ መሆኑንም ነገርኳት። ሁለተኛ ከእሷ የምደብቀው የለም። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ልጅ ችግር ላይ ሲወድቅ የሚደወልበት ቁጥር ሰጥታት ነበር፣ እሷ ግን "እናቴ ላይ ፖሊስ አላስመጣም" ብላ ወረቀቱን ለእኔ ሰጠችኝ። ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ቀኑ ሲደርስ ሌላ መንገድ ካጣሁ እኔው እደውላለሁ፣ ይህንንም ከወዲሁ ይወቁት።

አሥራት ዌስትቼስተር ሰፈር ካለ አንድ ሆቴል ወደ አየር ማረፊያው ሰው የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ማክሰኞ ከሥራ ሲወጣ መጣና የቤቴ በር ላይ ቆሞ ቀረ። "እትዬ ሰርክ፣ ትኬቱን እኔ ካንስል ባደርገው ቤቴ ይፈርሳል። ጋሼ ካሉ ግን ትሰማለች። ሶ፣ ጻፊላቸው" አለኝ። ግባ ብለው አልገባም። በረራው ለሰኔ 21 ተቆርጧል።

"ስንቱን ልጅ አስተካክያለሁ" ብለውኛል። እንግዲያው የአንዱን ስም ይጻፉልኝ። እንደ ኤልሻዳይ ያለ፣ እርስዎ አስተካክለውት ዛሬ ደህና ሆኖ የሚኖር፣ አንድ ሰው። እሱን ከጻፉልኝ ሻንጣዋን ራሴ ተሸክሜ አመጣታለሁ።

ልጅዎ ሰርክ


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰርክ፣

ሰላምታው ይቆየን። ስም ጠይቀሽኛል፣ ስሙ ፊሊሞን ነው።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፏል። የመጀመሪያውን ሳምንት ሌላ ስም ስፈልግ ነበር። ሲጋራ ያስተውኩት ልጅ አለ፣ አጥር መዝለል ያስተውኩት አለ። አንቺ የጠየቅሽኝ ግን ስለ እነሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

በ1994 ዓ.ም. ክፍለ ሀገር ሳለሁ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ቀጭን፣ የእጅ ጽሑፉ ከመምህራኑ የሚበልጥ። ለአንድ ጓደኛው፣ ለወንድ ልጅ፣ ደብዳቤ ጻፈ። ልጆች ከደብተር ውስጥ አግኝተው አመጡልኝ። እኔ በማግስቱ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ በሰልፉ ሜዳ ፊሊሞንን ወደ ፊት አስወጥቼ ደብዳቤውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ድምፄ ያኔ ማይክራፎን አይፈልግም ነበር። ከሺህ በላይ ተማሪ ሳቀ፣ መምህራኑም ሳቁ። እሱ መሬት መሬት እያየ እስክጨርስ ቆመ። አባቱን አስጠራሁ። አባትየው ክንዱን ይዞ ወሰደው። ልጁ አልተመለሰም። በሳምንቱ ስሙን ከመዝገብ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩ። የት ደረሰ ብዬ አልጠየቅኩም። በዚያ ዓመት መጨረሻ ለሥነ ሥርዓት አስከባሪነቴ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ ነበር፣ ባለፈው ሳምንት አወረድኩት።

ዝም አይነቅዝም ብዬሽ ነበር። ይነቅዛል። ሃያ ሦስት ዓመት ውስጤ ነቅዟል፤ አንቺ ስትነኪው ነው ዱቄቱ የረገፈው።

ደብዳቤሽን አቃጠልኩ ማለቴም ውሸት ነው። ክብሪቱን ጭሬ ነበር። የሰው ደብዳቤ በእጄ ይዤ ስቆም ያ ሜዳ መጣብኝና ተውኩት። ሁሉም ትራሴ ሥር አለ።

ነገሩ ገባኝ ብዬ አልዋሽሽም። አልገባኝም፣ ዕድሜዬም ለመግባቱ አይበቃ ይሆናል። ሜዳው ላይ ብቻውን የቆመውን ልጅ ግን አይቼዋለሁ። ያን ቀን በእሱ ፈንታ የሚመልስ አንድ ሰው አልነበረም። ይህች ልጅ አንቺ አለሽላት።

ከዚህ ጋር ለየምሥራችና ለአሥራት የጻፍኩት አለ። አልታሸገም፣ አንብበሽ ስጪያቸው። የፊሊሞንን ነገር እንዳለ ጽፌላቸዋለሁ። ልጅቷን በቤቴ አልቀበልም ብያለሁ። የምሥራች እኔ እንቢ ስል ወደ ሌላ ዘመድ ወይም ወደ ጠበል ልውሰዳት ብትል፣ በቀብሬ ላይ እንዳትቆም ብያለሁ። እሷ ራሷ ግን ትምጣ። ከእናቷ ሞት በኋላ እኔ ያሳደግኳት ልጅ ናት፣ ልጅን በማዋረድ መግራትን ከእኔ ካልሆነ ከማን ተማረችው? ቁጭ ብዬ ፊት ለፊት የምነግራት አለኝ። የልጅቷን በር ደግሞ ሳትነሳ በፊት ትግጠም።

ባትሪዋ ሠርታለች። ዓይናለም ለካ ስትሠራ ታንጎራጉራለች።

አባትሽ ብርሃነመስቀል


ሎስ አንጀለስ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለጋሼ ብርሃነመስቀል፣

እንደ ቸርነቱ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። መንገደኛው ዓርብ ደረሰ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደብዳቤውን ለየምሥራች ሰጠኋት። አሥራት መሪው ላይ ተቀምጦ እሷ ከጎኑ ሆና እዚያው መኪናው ውስጥ አነበበችው። እኔ ውጭ ቆሜ ነበር። መስኮቱን ዝቅ አደረገችና "ለስንት ሰው አሳየሽው?" አለችኝ። "ለማንም" አልኳት። "ለኤልሻዳይስ?" አለች። "ለእሷ ግን ደብዳቤው የሚለውን ነግሬያታለሁ" አልኳት። መስኮቱን ዘጋችውና ሄዱ።

አሥራ አንድ ቀን የየምሥራችን ድምፅ አልሰማሁም። በየቀኑ ቦርሳዬን ከፍቼ ያቺ ወረቀት መኖሯን አያለሁ። በአምስተኛው ቀን አሥራት ደውሎ በሩን ከጋራዥ አውጥቶ እንደገጠመው ነገረኝ። አንዱ ማጠፊያ ጠፍቶ በሁለት ብቻ ነው የቆመው፣ ሲዘጋ ሲጢጥ ይላል። "ግን ይዘጋል" አለኝ። ስለ በረራው ስጠይቀው "እሷ ምንም አላለችም" አለ።

ትላንት ሐሙስ በሬ ተንኳኳ። የምሥራችና ኤልሻዳይ፣ አንድ ሻንጣ ይዘው። የምሥራች ፊቴን ሳታይ "እስክመለስ አንቺ ጋር ትቆይ። አሥራት ሲነጋ ወጥቶ ሲመሽ ነው የሚገባው፣ ብቻዋን አትዋል" አለች። ከዚያ ደረጃውን መውረድ ጀምራ ተመለሰች። "የሐዋርያት ጾም ገብቷል፣ እንዳታስገድፊያት" አለችኝ። እኔ ደግሞ፣ ይህችን ልጅ ገና ከቤተ ክርስቲያን አላወጣቻትም ማለት ነው ብዬ በሩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ። ኤልሻዳይ "እትዬ ሰርክ፣ ምን ሆንሽ?" አለችኝ። ሽንኩርት ነው አልኳት። ሽንኩርት እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን።

የምሥራች ይቅር አላለችኝም። ልጇንም ገና አቅፋ አላየኋትም። ከጉዞዋ ምን ሆና እንደምትመለስ አላውቅም፤ የልጅቷን ትኬት ሰርዛ በሌላ ቀን ትቆርጥ እንደሆነም አላውቅም። ስለዚህ ቁጥሩ የተጻፈባት ወረቀት አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ናት።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልዎ እሷው ራሷ ናት። ነገ ስትነሳ ፕላስተር ሳላደርግበት ክፍቱን እሰጣታለሁ። መንገድ ላይ ብታነብበው ታንብበው። እዚህ ውስጥ ስለ እሷ ያልኩትን ፊቷም እለዋለሁ።

ኤልሻዳይ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብላኛለች። ስለ ፊሊሞን ስነግራት "አሁን ስንት ዓመቱ ነው?" አለችኝ። አስልቼ ሠላሳ ዘጠኝ አልኳት። ያለችውን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ፣ አንቱታ ገና አልገባትምና ይቅር ይበሏት።

"ከማሚ እኮ ያንሳል። ሶ፣ ጋሼ ለምን ሄዶ አይፈልገውም?"

መልሱን በየምሥራች እጅ ይላኩላት።

ልጅዎ ሰርክ